የጋገረውን አትንካ

ጥቅምት 3

ዛሬ ሰባ አራት ሞላኝ። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ደረጃ ሳልደገፍ እወጣለሁ። የሰፈሩ ቧንቧ ካፈሰሰ አሁንም የምጠራው እኔ ነኝ። የጠርሙስ ክዳን በጥርሴ እከፍታለሁ… እከፍት ነበር። ልጄ ፊት ስሞክር የታችኛው የፊት ጥርስ ተነቃነቀ። ደምም መጣ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው?»

«ክዳኑ ቆርጦኝ ነው።»

አላመነችም። እኔን ሳትጠይቅ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ያዘችልኝ። ሕፃን ነኝ እንዴ?

ጥቅምት 7

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ቀይ እንክብል ሰጠችኝ። «ያኝኩት አባባ፣ እንዳይውጡት።» ከዚያ መስታወት። ጥርሴ ሁሉ ቀይ! ደም መስሎኝ ብድግ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ደም አይደለም። ቀለሙ የያዘው ቆሻሻውን ነው።»

«ጠዋት በጨርቅ ወልውዬዋለሁ እኮ!»

ጥርስ ላይ በየቀኑ ስስ ነገር ይለጠፋል አለች። ዓይን አያየውም። ምላስ ግን ያውቀዋል፣ ዝልግልግ ይላል። ተሕዋስያን ናቸው አለች። ሳይጠረግ ከሰነበተ ይጋግራል። የጋገረውን ብሩሽ አያነሳውም፣ እሷ በመሣሪያ ትፍቀዋለች። ካልተፋቀ ድዱ ይሸሻል፣ አጥንቱም ያልቃል።

«የፊቶቹን አራቱን ልናጣቸው እንችላለን።»

የጋገረ… እሱን ለእኔ ተዪው። አርባ ዓመት ቧንቧ ሠርቻለሁ። አሮጌ ቧንቧ ውስጥ የጋገረ ኖራ አይነካም። ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው እሱ ነው። ከፋቅከው በሦስተኛው ቀን በየቦታው ያፈሳል። ነገርኳት። ሳቀች። ምን ያስቃል?

«አስቤበት እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 8

ከላይ ፎቅ የሚኖረው ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ፣ የእሱም ድድ ይደማል። «እንዳታስነካ! ጥርስህን የያዘልህ እሱ ነው» አልኩት።

«ካንተ በላይ ማን ያውቃል» አለኝ። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 15

ልጄ ብሩሽ ገዝታልኝ ነበር። ስቦርሽ ይደማል። ስተወው አይደማም። ታዲያ የሚያደማው ብሩሹ አይደል? ተውኩት። ስትደውል «ቦርሻለሁ» አልኳት።

ጥቅምት 22

ሳልቦርሽ ደማ። ጠዋት ስነሳ ትራሱ ላይ። ብሩሽ አልነካው፣ ማን አደማው? ግራ ገባኝ። ጥርሱ በምላስ ስገፋው ይሄዳል ይመጣል…

ለልጄ ሳልነግር ሄድኩና አስፋቅኩት። ሐኪሟ የወደቀውን ሳህን ላይ አሳየችኝ። ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቁርጥራጭ። ቁርጥ የቧንቧ ኖራ።

ጥቅምት 25

አላልኩም? ልክ በሦስተኛው ቀን! ቀዝቃዛ ውሃ እስከ ጆሮዬ ዘለቀኝ። ጥርሶቼ መሃል ክፍተት፣ ስናገር ንፋስ ይገባል። ሄጄ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩባት። «ደህናውን አበላሸሽው! ሳትማሪ ነው እንዴ የሰው አፍ ውስጥ የምትገቢው?»

እሷ አልጮኸችም።

«ክፍተቱ ድሮም ነበር አባባ፣ የጋገረው ሞልቶት ነው። የድዱ እብጠት ሲቀንስ ደግሞ ይታያል። ሁለት ሳምንት ይታገሱኝ። ቢደማም ይቦርሹ። የሚደማው ስለታመመ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ላይ፣ ቀስ ብለው። መሃል መሃሉን በጥርስ ክር።»

ሦስት ቀይ እንክብልም ጨመረችልኝ። ለተሳዳቢ! ቀስ ተብሎ የተጠረገ ደግሞ ምን ይጠራል? እኔ እንጃ።

ጥቅምት 30

በንዴት ቦረሽኩ። ልክ እንዳልሆነች ላሳያት። እንክብሉን አኘክሁ፣ መስታወት… ፊት ለፊቱ ነጭ። ከታች ጥርሶቹ ጀርባ ግን ቀይ። እጄ የማይደርስበት ጋ። ቧንቧም ቀድሞ የሚደፈነው የሚታጠፍበት ላይ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ አርባ ዓመት የተጠራሁት ሁልጊዜ ከጋገረ በኋላ ነው። ሳይጋግር በፊት ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። እና ሳይጋግር በፊት ስላለው ምን አውቃለሁ?

ድጋሚ ቦረሽኩ። ቀስ ብዬ።

ኅዳር 14

ድዴ ከደማ አምስት ቀን ሆነው። ቀዝቃዛ ውሃም አይዘልቀኝም። ከአራቱ የፊት ጥርሶች ሦስቱ ጠብቀዋል። አንደኛው አልሆነም። ዛሬ ተነቀለ። ሐኪሟ ተረኛ አልነበረችም፣ ሌላ ሐኪም ነው የነቀለው። «ዓምና ቢመጡ ኖሮ…» ብሎ ተወው።

ስመለስ ፀጉር አስተካካዩን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ጉንጩ አብጦ በእጁ ደግፎታል። «እንዳልከኝ አላስነካሁም» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ።

ዕዳ አለብኝ። ልጄ እንዳትገባበት፣ ራሴ የምጨርሰው።

ሐኪሟን፤ በሰው ፊት ሰድቤያታለሁ፣ ይቅርታውም በሰው ፊት። ወረፋ በሚበዛበት፣ በጠዋት።

ፀጉር አስተካካዩን፤ «ተሳስቼ አሳሳትኩህ» ልለው። ይቺ ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ነገ ሐኪሟ ጋ ይዤው እሄዳለሁ፣ እምቢ ካለም ጎትቼ።

ልጄን፤ ሳልቦርሽ «ቦርሻለሁ» ማለቴን ልነግራት።

ባለቤቴን… «አፍህን ታጠብ» ባለችኝ ቁጥር አኩርፌ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩባት። ስንት ጊዜ? ይሄኛው ለማን እንደሚከፈል አላውቅም። ጻፍኩት ግን።