ከጉድጓዱ ግማሽ ላይ የቀረችው ልጅ

ለተከበሩ የሕፃናት መጻሕፍት ምርመራ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የማይቆረጥም፣ ጉልበትዎም ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ የማይለግም ሆኖ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ጉልበት ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ድንቢጥ የምንላት ልጄ ተኝታለች፤ ስለዚህ በዚህ ቤት ጤና ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው የጉልበት ጤና ነው።

ዝናብ ያራሰው የጎረቤት ግንብ ተደርምሶ በእግሯ ላይ ወደቀ። ሐኪሞቹ የድርሻቸውን ሠሩ፣ አጥንቱ ገጠመ። የቀረው የእሷ ድርሻ ነበር፦ በየቀኑ መነሣት፣ መቆም፣ ጉልበቷን ማጠፍና መዘርጋት። እሷ ግን ሕመሙን አንዴ ቀመሰችውና እምቢ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አታለልኳት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ወደ በሩ ጠርታኝ፣ “ጉልበቱ እንዲህ ከከረመ እንደታጠፈ ይቀራል፤ እሷ ካልፈለገች ደግሞ የእኔ ጉልበት ዋጋ የለውም” አለችኝ።

ከዚያ ጭንቅ ያወጣን መጽሐፍ ነው። ተረቱን እርስዎም ያውቁታል፤ ሁላችንም ሰምተነው ያደግን ነው። ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ጉድጓድ የገባችው ልጅ ሳታማርር፣ እያዜመች፣ ዓመታት ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ የንጉሡ ልጅ ዜማዋን ሰምቶ በገመድ ያወጣታል። ደራሲዋ ይህንኑ ተረት ይዛ አምስት መጻሕፍት አደረገችው፤ በእሷ አጻጻፍ ግን ልጅቷ አትጠብቅም። ከጉድጓዱ ሥር ያለውን የውሃ አገር ታቋርጣለች፣ ከዕውሩ ዓሣ ጋር ተጣልታ ትታረቃለች፣ ከዚያ ድንጋይ ለድንጋይ እየቧጠጠች ሽቅብ ትወጣለች። ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ አነበብኩላት። የጉድጓዷ ልጅ የመጀመሪያውን ድንጋይ ስትጨብጥ ድንቢጥ ተነሥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ተንሸራትታ ስትወድቅ ድንቢጥ አለቀሰች፤ እንደገና ስትነሣ እሷም እያቃሰተች ቆመች። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ስንደርስ የስፌት መኪናዬን ተደግፋ እስከ መስኮቱ ትሄድ ነበር።

አራተኛው የሚያበቃው ልጅቷ ከጉድጓዱ ግማሽ ላይ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ነው። አምስተኛው ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። እርስዎ የደረሱት ይኼኔ ነው፤ እኔም ለዋሉልኝ ውለታ በየተራ ላመሰግንዎት ተነሣሁ።

አንደኛ፣ መጻሕፍቱ “የአባቶችን ተረት የሚያበላሹና ልጆችን ትዕግሥት የሚያሳጡ” መሆናቸውን በጊዜ ስለደረሱበት፣ አምስተኛውን ከማተሚያ ቤት፣ አራቱን ደግሞ ከየቤተ መጻሕፍቱ ስላሰበሰቡልን አመሰግናለሁ። ለልጆቻችን ከዚህ የከፋ አደጋ እንደሌለ ግንብ የወደቀበት ሰው ሁሉ ይመሰክራል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ መጽሐፉን እንድመልስ ሲጠይቀኝ፣ ድንቢጥ ደረቷ ላይ ታቅፋው ከተኛችበት ቀስ ብዬ አወጣሁት። ስትነቃ ከአልጋዋ አልወረደችም፤ የት እንደገባም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ስላሳየኝ መስተንግዶ። የለመንኩት ብዙ አልነበረም፦ ከቢሮዎ ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ሰው እየጠበቀኝ፣ የመጨረሻውን መጽሐፍ አንድ ጊዜ አንብቤ፣ ለልጄ በአፌ ልነግራት ነው። ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር “ስብሰባ ላይ ናቸው” ትለኛለች። ስብሰባዎ ምንኛ በረከት ያለው ነው፤ ቢቆርሱት ቢቆርሱት አያልቅም። ወንበሩ ላይ ስጠብቅ ግን ልጄ እቤት ብቻዋን ጣሪያ ጣሪያ እያየች እንደምትውል እያሰብኩ፣ ሥራ የለመደ እጄ ማረፊያ አጥቶ የነጠላዬን ጫፍ ፈትቶ ጨረሰው።

ሦስተኛ፣ የተከበሩት ምክትልዎ ስለሰጡኝ ምክር። መጽሐፉ በእርስዎ ካቢኔ ውስጥ እንደተቆለፈበት ነገሩኝና በደግ ፊት፣ “እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? የጥንቱን ንገሪያት፤ እዚያም እኮ ትወጣለች” አሉኝ። እውነት ነው፣ ትወጣለች። ሄጄ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “ሰፈራችንን ያውቀዋል?” አለችኝ።

“ማን?”

“የንጉሡ ልጅ።”

ከዚያች ቀን ጀምሮ ፊቷ ወደ ግድግዳ አይደለም፣ ወደ በሩ ነው። ወንድሜ ሊያቆማት ብብቷን ሲይዛት፣ “አጎቴ፣ ተወኝ፤ እየጠበቅኩ ነው” ትለዋለች። ክቡር ሆይ፣ ደስ ይበልዎት፤ ቢያንስ አንዲት ትዕግሥተኛ ልጅ አፍርተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ላለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ተስፋ ስቆርጥ ደራሲዋን አፈላልጌ አገኘኋትና ቤቴ ድረስ ለምኜ አመጣኋት። ቀጭን፣ መነጽሯን ደጋግማ የምትጠርግ ሴት ናት። አልጋው አጠገብ ስትቀመጥ ድንቢጥ ዓይኗን ከበሩ ላይ አንሥታ አየቻትና፣ “ወጣች?” ብላ ጠየቀቻት።

ደራሲዋ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ “መጀመሪያ እንድትወጣ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። መርማሪዎቹ ‘አስተካክይ’ አሉኝ። ገመድ እንዲወርድላት አደረግኩ። አሁንም ‘አስተካክይ’ አሉኝ። እንድትጠብቅ አደረግኩ፣ እንድታዜም አደረግኩ። የመጀመሪያውን ወስደውብኛል፤ ስንት ጊዜ እንደለዋወጥኩት እንጃ፣ የእኔ የትኛው እንደነበር ጠፋኝ። እንዴት እንደወጣች አላስታውስም፣ የኔ ልጅ።”

እኔ ልጄ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። “እሺ” አለች፣ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው እንደሚለው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ወደ በሩ ዞረች። ደራሲዋ ቦርሳዋን ረስታ ወጣች፤ እኔም የሰው ሸሚዝ እጅጌ ከአንገቱ ጋር ገጥሜ ስሰፋ ዋልኩ።

ባለሙያዋ ባለፈው መጥታ ጉልበቱን ለካችው። ሁልጊዜ ጮክ ብላ ትናገር የነበረችው ሴት ያን ቀን የለካችውን አልነገረችኝም። ዕቃዋን ስትሰበስብ፣ “ልጅቷ ልነሣ ያለች ቀን ጥሩኝ፤ ግን አይቆይ” አለች። አይቆይ ያለችው ለእኔ ነው፤ ቁልፉ ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በአሽሙር ጻፍኩልዎት፤ ትምህርቴ ያስቻለኝ ያንን ነው። አሁን ግን አሽሙሬ አለቀ። እለምንዎታለሁ። መጽሐፉ አይታተም፣ እሺ። አይሰራጭ፣ እሺ። ካቢኔውን ከፍተው የመጨረሻዎቹን ገጾች ለእኔ ብቻ ያንብቡልኝ፣ በስልክም ይሁን። ለሌላ ሰው ትንፍሽ እንዳልል ማዪ ካሉኝም እምላለሁ። ያቺ ልጅ ቀጥሎ የጨበጠችው ድንጋይ የቱ ጋ እንደነበረ ብቻ ይንገሩኝ፤ የቀረውን እኔና ልጄ እንወጣዋለን።

የእርስዎን በጎ ፈቃድ ደጅ ስትጠና ጫማዋ ያለቀ፣ ትዕግሥትን ከነልጇ በመማር ላይ የምትገኝ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ልብስ ሰፊዋ የድንቢጥ እናት

ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መብራት የጠፋ ዕለት ሊፍታችሁ በሁለት ፎቅ መሐል ሲቆም ውስጡ የነበሩት እርስዎ ኖረዋል። እኔ ባለጉዳይ ነኝና ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። በሩን በእርግጫ ሲደበድቡ፣ ጥበቃውን በስሙ እየጠሩ ሲጮኹ ሰማሁ፣ ጣቶችዎን በስንጥቁ አስገብተው ሲታገሉ አየሁ፤ በመጨረሻም ጥበቃው በብረት እስኪፈለቅቅልዎት ሳይታገሡ ሸሚዝዎን ቀድደው በክፍተቱ ወጡ። አልታዘብኩዎትም፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ማታ ለልጄ ብነግራት፣ “እሳቸውስ ለምን እያዜሙ አልጠበቁም?” አለችኝ። መልሱን እርስዎ ቢልኩላት ውለታዎን አልረሳም።