አርባ ሽርጥና አንድ ደረሰኝ

ወንድምዓለም፣

ነገሬ መራራ ስለሆነ ሰላምታዬ ይቅደም። እንደምን ሰንብተሃል? ያ ትከሻህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሸሚዝ ስትለብስ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ሚስትህስ እንዴት ናት? ያ የማያስተኛት ሳል ለቀቃት? መንትዮቹን በላክኸው ፎቶ አየኋቸው፤ የሰፋሁላቸው ሱሪ ከጉልበታቸው በታች እንደማይወርድ ገባኝ። ምን እያበላችኋቸው ነው? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷን ብቻ ነው የምትከስሰው። ባለቤቴ ከመሰላሉ ከወደቀ ወዲህ አሁን ገና ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀምሯል፤ የቀለም ቅብ ሥራውን ግን ሐኪሙ እንዳታስበው ብሎታል። ልጄ ደህና ናት። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ። ሰው በንዴት የሚሞት ቢሆን ኖሮ ግን የሚደርስህ መርዶዬ ነበር።

ባለፈው እሑድ በስልክ «ሱቁ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው፤ መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ የዘጋሁብህ መስመሩ ተቆራርጦ አይደለም። እማዬ አጠገቤ ነበረች። አፌን ብከፍት ደግሞ መጮሄ ነው። በወረቀት ላይ ብጮህ ጎረቤት አይሰማም ብዬ ጻፍኩልህ። ፖስታው ውስጥ አንድ ፎርም አለ፤ ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳታየው።

አንተ ከመሄድህ በፊት በስምህ የከፈትከው የኦንላይን ሱቃችን አራት ዓመት ያለ ነቀፌታ ሠርቶ፣ ዘንድሮ «አልደረሰኝም» የሚባል በሽታ ገባበት። የመጀመሪያዋ ሴትዮ የልጅ ካፖርት አዘዘች፣ ተላከላት፣ «አልደረሰኝም» አለች። ሳምንት ሳይሞላ ዓይኗን በጨው አጥባ የልጇን ፎቶ ለጠፈች። ልጁ የለበሰው የእኔን ካፖርት ነው! አዝራሩን እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ አላውቀውም? ፎቶውን ሱቃችን ላለበት የኦንላይን ገበያ ድርጅት ቅሬታ ክፍል ብልክ «ፎቶ ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። ሁለተኛው ሰውዬ ደግሞ ዕቃው ጎረቤቱ ቤት ተቀምጦለት ኖሯል። ሲያገኘው «ይቅርታ፣ ተገኘ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ለእነሱ ግን አልጻፈም። እነሱ ዘንድ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት «አልደረሰኝም» የተመዘገበበት ሱቅ ይዘጋል። ሁለቱ ሲመዘገቡብኝ ሦስተኛውን እየፈራሁ እያንዳንዱን ጥቅል በፕላስተር ላይ ፕላስተር እለጥፍበት ጀመር። ልጄ «እማ፣ ገዢው በመጥረቢያ ነው የሚከፍተው?» ትለኛለች።

በዚህ መሀል ነው የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር አርባ ሽርጥ ያዘዘችን፤ ልጆቹ ሥዕል ሲማሩ ቀለም ልብሳቸውን እንዳያበላሸው። ውኃ ሰማያዊ ሆኖ ደረቱ ላይ ቢጫ ኪስ ያለው። ቤቱ በሙሉ ሠራበት። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኪስ ይቆርጣል፣ እማዬ ክር ትለቅማለች፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አጣጥፋ ትደረድራለች። ጨርሰን አሽገን ለጋሽ ይደርሳል ሰጠን። ጋሽ ይደርሳል ዕቃችንን በድርጅቱ ሞተር የሚያደርሱልን ሰው ናቸው፤ አንተ እንደሄድክ ነው የመጡት። «መቼ ይደርሳል?» ስትላቸው «ይደርሳል» ነው መልሳቸው፤ ሌላ ቃል የለም። ዝናብ ሲሆን የዝናብ ልብሳቸውን አውልቀው ጥቅሉን የሚያለብሱ ሰው ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ከላይ በደማቁ «ቅሬታ፦ ዕቃው አልደረሰም» ይላል። ከሥሩ ዳይሬክተሯ በራሷ እጅ የጻፈችው ሁለት ቃል፦ «ደረሰኝ አልደረሰኝም»። ነጠላ ሰረዝ የለ፣ አራት ነጥብ የለ። ደሜ ፈላ። ደርሶሽ ነው ሳይደርስሽ? አንዱን ምረጪ እንጂ! ትቀልድብኛለች ብዬ ስልኩን ጨርቁ ላይ ወረወርኩት። ባለቤቴ አንስቶ አነበበና «ምን ዓይነቷ ደፋር ናት» አለ። ሁለታችንም ከላይ ያለውን ደማቁን ጽሑፍ አንብበን የታችኛውን በእሱ ዓይን ነው ያየነው። ሳይመሽ ሱቁ ተዘጋ።

በማግሥቱ ዕቃ አድራሾቹ የሚሰበሰቡበት ግቢ ሄድኩ። ጋሽ ይደርሳል ያነሱት ፎቶ አረንጓዴ በርና ካርቶኑን ብቻ ያሳያል፤ ሰው የለበትም። ፊርማም የለም። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ዘበኛ በእጃቸው እንደሰጡት፣ የሚያስፈርሙበት ስልክ ግን ባትሪው አልቆ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አራት ዓመት «እርስዎ» ያልኳቸውን ሰው፣ ያ ሁሉ ሞተረኛ እየሰማ፣ «አንተ ሌባ» አልኳቸው። ወንድሜ፣ አንብበኸዋል? አንተ ሌባ! በአባታችን ዕድሜ ያለን ሰው። እሳቸው የራስ ቁራቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። እኔ ዝምታቸውን እንደ ጥፋት ቆጥሬ እዚያው ቆሜ በስልኬ ክስ ላክሁባቸው። ቅሬታ ክፍሉ ለእኔ ሲሆን ወር የሚፈጅበት፣ ለእሳቸው በሁለት ቀን ፈረደ፦ ጥፋቱ የአድራሹ ነው። ሞተሩንና መታወቂያቸውን ተቀበሏቸው፣ የእኔ ሱቅ ተከፈተ። «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክትም ላኩልኝ።

አሁን ደግሞ ጨዋነቴ መጣና፣ ለዳይሬክተሯ ሌላ አርባ እንደምሰፋላት ልነግራት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ምን ባይ ጥሩ ነው? ያ ሁሉ ሕፃን የእኔን ሽርጥ ለብሶ፣ ቢጫው ኪስ ውስጥ ብሩሽ ሰክቶ ግድግዳ ላይ ቀለም ይለቀልቃል። በቃ፣ ራሴን ሳትኩ። ዘበኛውን ገፍትሬ ገባሁና በእነዚያ ሁሉ ልጆች ፊት «ይኸው! ይኸው! አልደረሰኝም ያልሽው ይኸው!» እያልኩ ጮህኩ። አንዷ ሕፃን ደንግጣ አለቀሰች። ዳይሬክተሯ ልጆቹን ወደ ክፍል አስገብታ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥታኝ፣ እስክጠጣ ጠበቀችኝና እንዲህ አለች፦ ሽርጦቹ በዕለቱ ደርሰውኛል፣ በጣም ያምራሉ፣ ምስጋናም ልጽፍልሽ ነበር። ያልደረሰኝ ደረሰኙ ነው። ለሒሳብ ክፍላችን የግድ ነው፣ እንዳትረሺ ብዬሽ አልነበር? ቅሬታ መጻፊያው ላይ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ አልደረሰም፣ ተበላሽቷል፣ ሌላ ዕቃ ነው የመጣው። ደረሰኝ የሚል ስለሌለ የሚቀርበውን ተጫንኩና ከሥሩ ጻፍኩት።

ደረሰኝ አልደረሰኝም። አሁን ደጋግመህ አንብበው። ትስቅ ይሆናል፤ እኔም ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እስቅ ነበር።

ቤት ገብቼ ጨርቁን ሁሉ ገለባበጥኩት። የሽርጡ ልክ የተቆረጠበት ካርቶን ሥር አገኘሁት፤ ቀኑ ተጽፎ፣ ማኅተምህ ተመትቶ፣ እኔ ፈርሜበት። ጥቅሉን በፕላስተር ስጠቀልል ደረሰኙን ከውጭ አስቀርቼዋለሁ። የችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉ የለ? እኔ ሰው ነከስኩ።

በማግሥቱ ዳይሬክተሯ ራሷ አብራኝ ቅሬታ ክፍል መጣች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ጥፍሯን እያየች ሰማችንና፣ የተዘጋ ቅሬታ አይሰረዝም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን ሊዛወር ይችላል አለችን። ወይ በአድራሹ ይመዘገባል ወይ በሻጩ። እኔም ዕቃው እኮ ደርሷል፣ ተቀባይዋም ይቺው ቆማለች፣ ማንም አልሰረቀም አልኳት። «‹ማንም› የሚል ምርጫ የለንም» አለችኝ። ሰው ምርጫ የለንም ሲል ቢያንስ አንገቱን አይደፋም? ዳይሬክተሯ በራሷ ወረቀት ጽፋ ልስጥ ብትል አልተቀበለቻትም። በሻጩ ከተመዘገበ ሱቁ እንደሚዘጋ፣ ደንበኞች አራት ዓመት የጻፉልን ምስጋና ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ሱቁ በስምህ ስለሆነም ያለ አንተ ፊርማ እንደማይሆን ነግራ ፎርሙን ሰጠችኝ። «ያስቡበትና ይምጡ» አለች። ደግሞ ይህ የሚታሰብበት ነገር ሆኖ!

ታዲያ እኔ አሰብኩበት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሌላውን ሁሉ ስሳደብ ቆይቼ ራሴ ጋ የምደርሰው። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱም ሆድ ይፍጀው፣ ሰውዬው ሌላ ሥራ አያጡም፣ እኔ እንደሆንኩ ወገቤ አልዳነ፣ ይህ ሱቅ ከተዘጋ በምን እንኖራለን አለኝ። ጮህኩበት። ጮህኩበትና ግን ምክሩን ተቀበልኩ። ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ትእዛዝ መጣ፣ ሰፋሁ፣ ላክሁ። ሌላ አድራሽ መጥቶ ሲወስድ ፊቱን አላየሁትም። አንዱ ቀን ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ያን ሁሉ ቀን የምናደደው በዳይሬክተሯ ነው፣ በመስኮቷ ሴት ነው፣ በባለቤቴ ነው። እማዬን እንኳ ውኃ አፈሰስሽ ብዬ ተቆጣኋት። በራሴ ግን አንድም ቀን አልተቆጣሁም።

ትናንት ግን መቀመጥ አቃተኝ፣ ተነሥቼ ጋሽ ይደርሳል ቤት ሄድኩ። ከአናጢው ሱቅ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ሞተራቸው የሚቆምበት ቦታ ላይ የዘይቱ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሚስታቸው አይታኝ ፊቷን አዞረች፤ እሳቸው ግን ወንበር አወጡልኝ። ዕቃው ደርሷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እየተቻኮልኩ ሁሉንም ዘርግፌ ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦ «‹አንተ› ማለትሽን የዚያኑ ቀን ረስቼዋለሁ፤ ሰው ሲናደድ ብዙ ይላል። ግን ዘበኛው ወዳጄ ነው። ሽርጦቹን ያየሽ ዕለት ማታውኑ መጥቶ ነግሮኛል። አሥራ አንድ ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ነሽ ብዬ እከፍት ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር! ተነሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ የማለቅሰው አዝኜ አይደለም፣ በንዴት ነው፣ እጄ በማይደርስበት ሰው ላይ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ፎርሙን አሁን እየው። «ጥፋቱ የሻጩ ነው» ከሚለው ሥር ምልክት አድርጌበታለሁ። የቀረው ፊርማህ ነው። ይህን ስትፈርም ሱቁ እንደሚዘጋ፣ በስምህም ሌላ መክፈት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንዳቆምከውም አውቃለሁ። ባለቤቴ ከአንተ ጋር በስልክ ሊማከር አስቧል፤ ስለ ልጄ ትምህርት ይነግርሃል፣ ስለ ወገቡ ይነግርሃል፣ አንዱም ውሸት አይደለም። ስማው፣ ግን ፈርም። «ቆይ ረጋ ብለን እንየው» የሚል ቃል ከአንተ መስማት አልፈልግም። ረጋ ብዬ ያየሁትን አሥራ አንድ ቀን እሳቸው በር ሲከፍቱበት ከርመዋል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የመጣውን ትእዛዝ አልቀበልም እያልኩ መልሻለሁ። እኔ መስፋት አይጠፋኝም፤ የጎረቤት ሱሪም ቢሆን አሳጥራለሁ።

ሚስትህን አንገቷን አቅፌ ስሜያታለሁ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ ትቆጣለች እንጂ አትረሳም በላቸው። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ደብዳቤውን ሳያነብ ነው ያለው። ልጄ አጎቴ ሲመጣ እኔ ነኝ የምቀበለው ብላለች። እማዬ ዓይኗ ስለማያነብ «ምን ጻፍሽለት?» እያለች ከበላዬ ቆማለች፤ ሰላምታ ነው ብያታለሁ። ሱቁ ሲዘጋ ለምን ተዘጋ ብላ አንተን በስልክ መጠየቋ አይቀርም። እውነቱን አንተ ንገራት፤ እኔ አፍሬያለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከስፌት ክፍሌ፣ ሐሙስ መጋቢት ፲፩ ቀን