ከመሞቴ በቀር ደህና ነኝ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉሮሮህን አላመመህም ወይ? የአዲስ አበባ ብርድ ለቆላ ልጅ አይሆንም፤ አንገትህን ሸፍን። ምግቡስ ይስማማሃል? ስለ እኔ የጠየቅክ እንደሆነ፣ አልጠየቅክም እንጂ፣ ከመሞቴ በቀር ደህና ነኝ። አምላክ ይመስገን፣ ከሞትኩ ወዲህ የወገቤም ሕመም ተሽሎኛል።

የቴሌቪዥን ውድድሩ ሰዎች ስልካችሁን ሰብስበው ቆልፈውበታል ስላሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የትግሉ እናት ማሚት ናት። ቅዳሜ የቤተሰብ ቀን ነው ተብላ ተጠርታለች። የሁመድ እናት ዙሌይካም ከሰመራ ትመጣለች። የምትዘፍኑት ሦስት ናችሁ፣ የተጠሩት እናቶች ሁለት ናቸው። የኔ ጥሪ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ራሴን እንዳላታልል፣ ምክንያቱን አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ሰምቶታል።

አሁን ቁጭ በልና አንብብ። እንደ ልማድህ ግማሹ ላይ ስትናደድ አጥፈህ ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው።

እሑድ አንተ መድረክ ላይ ቆመህ እናቴ ሞታለች ስትል እኔ የት እንደነበርኩ ታውቃለህ? ሰመራ ነበርኩ። ከሆቴሉ ፈቃድ ለምኜ፣ የሾፌሮቹን አንሶላ የምታጥብልኝ ሰው ተክቼ፣ ሐሙስ በአውቶቡስ ወጣሁ። ለምን? ድምፅ ልለምንላችሁ ነዋ! «ባቡር ሰፈር» የሚለውን የቡድናችሁን ስም ከነድምፅ መስጫ ቁጥሩ በትልቁ አስጽፌ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆምኩ፣ በየቢሮው ገባሁ። የሰመራን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ጫማ አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል። መሃል የሚቆመው ረጅሙ ልጄ ነው፣ እባካችሁ መልእክት ላኩለት እያልኩ ስንቱን አስቸገርኩ። አንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራ አስፈታሽኝ ብሎ ሊያስወጣኝ ሲል፣ ስልኩን ተቀብዬ ራሴ ላኩለት። ዙሌይካ አብራኝ ስትዞር ሰንብታ፣ ወላሂ አንቺ ከካድሬ ትብሻለሽ ብላ ሳቀችብኝ።

እሑድ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ሳይመጣም አደረ። ቴሌቪዥን የለ፣ የኔም ስልክ ባትሪው አልቆ ድርግም አለ። ዙሌይካ ልጆቹን ለማየት የተሰፋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ጨለማ ውስጥ ቀረች። ግድ የለም፣ ማሚት ሁሉንም ትነግረኛለች አልኳት። ሰኞ ሲነጋ ተሳፈርኩ።

እዚህ አዋሽ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ማሚት ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቧል። አንተ እናቴ ሞታለች ብለህ እንባህን ስትለቀው ጩኸቱ ቤቱን አቀለጠው፤ ከዚያ በኋላ ያልከውን የሰማ አንድ ሰው የለም። ስልኬን ቢሞክሩ ዝግ ነው። ሰመራ መሄዴን ያውቃሉ፣ ያ መንገድ በየሳምንቱ የሚበላውን ሰውም ያውቃሉ። አውቶቡሱ ተገልብጦ ነው፣ ልጁንም መድረክ ላይ መርዶ አረዱት፣ ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው ተባለ። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታዴዎስ ሲነጋ ጡሩንባ አስነፋ፣ ድንኳን አስተከለ፣ አስከሬኔን የሚያፈላልጉ ሁለት ሰዎች ደግሞ ወደ ገዋኔና ሚሌ ሰደደ። እኔ ገዋኔ ላይ ወርጄ ሻይ ስጠጣ ሳንተላለፍ አልቀረንም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዋሽ ወረድኩ። ላንተ ብዬ የገዛሁትን ቴምር በፌስታል አንጠልጥያለሁ። መታጠፊያውን ስዞር በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ልጄ፣ በዚያ ቤት ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ በእግሬ ቆሜ ድንኳኑን እያየሁ ነው። የቀረው ማን ነው? ቴምሩን ጣልኩት። ደረቴን እየደቃሁ፣ ስምህን እየጠራሁ፣ በጉልበቴ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ሴቶቹ ሟቿ ራሷ መጥታ ስታለቅስ ሲያዩ እሪ ብለው ተበተኑ። አንዷ በስመ አብ እያለች አግዳሚውን ዘልላ ወጣች። ጋሽ ታዴዎስ ብቻ ቀረብ ብሎ ክንዴን ነካ አደረገና፣ አንቺ ሰው፣ የሞትሽው እኮ አንቺ ነሽ አለኝ።

ነገሩን እስኪያስረዱኝ ድረስ አንተ ሞተህ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ሌላው ሁሉ ያስቃል፣ ሰፈሩም ሲስቅ ነው የሰነበተው። እኔም ርቦኝ ስለነበር የራሴን ንፍሮ ቁጭ ብዬ በልቻለሁ። ያቺ ደቂቃ ግን አታስቅም። አልረሳልህም።

ማታውን ማሚት ያልከውን በስልኳ አሳየችኝ። ውሸት ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። የቴሌቪዥን ሰዎች የሚያስለቅስ ታሪክ ካላመጣችሁ አታልፉም ብለው አስጨንቀውት ይሆናል፣ ውሸት ከሆነ በአንድ ጥፊ የሚመለስ ነገር ነው አልኩ። ነጩን ሸሚዝ ለብሰሃል፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ የተኮስኩትን። ጠያቂዋ ከኋላህ ማን አለ አለችህ። እናቴ ሞታለች አልክ። መልካ ወረር ጥጥ ለቀማ ላይ እያለች ወባ ገደላት፣ የስድስት ወር ልጅ ነበርኩ አልክ።

ስልኩን ከማሚት እጅ ነጥቄ ጓዳ ገባሁ።

ጥጡን፣ ወባውን፣ ስድስት ወሩን የቴሌቪዥን ሰው ከየትም አያመጣውም።

ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም። አምና መልካ ወረር ሠርግ ላይ ዘፍናችሁ ስትመለሱ ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም። ሙቀቱ ነው አልከኝ፣ እኔ ሞኟም አመንኩህ። እዚያ የቀሩ የድሮ ለቃሚዎች አሉ። ፊትህን አይተው ዝም ማለት አቅቷቸው ይሆናል፤ ቁርጥ እሷን፣ የወለደችህን ነህ። እኔ አዋሽ የገባሁት አንተን አዝዬ ነው። ያየኝ ሁሉ ያየውን አመነ፣ እኔም አላረምኩትም። ልነግርህ ነበር። አሥረኛን ሲጨርስ አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ውድድሩ ይለፍ አልኩ። አፌ ላይ ደርሶ ይመለስብኛል። ፈራሁ። በዚህ ብትቆጣኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። ግን አንተስ? አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ራት እየበላህ ለኔ መተንፈስ ያቃተህን ነገር እንዴት ለአገር ትነግረዋለህ?

እሷን ማንሳትህ አላስከፋኝም፣ ይህን ልብ በል። ያንገበገበኝ ቀጥሎ ያልከው ነው። ትግሉንና ሁመድን በሁለት ክንድህ አቅፈህ፣ ከዚያ ወዲህ ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ሰው የለኝም አልክ። ሰው የለኝም! ይህንንም መልካ ወረር ነው የነገሩህ? አሮጌው ሐዲድ ላይ ቆርቆሮ እየደበደባችሁ ጎረቤት እንቅልፍ ሲያጣ ማን ነበር የሚሰደበው? ኩፍኝ ይዞህ ዓይንህ አልገለጥ ሲል ማን ነበር የተሸከመህ? ሰው የለኝም ብለህ እንባህን የጠረግከውስ እኔ በተኮስኩት እጅጌ አይደለም? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አንተን አላመለጠህም፤ ተለማምደኸው ነው የወጣኸው።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ከሕፃንነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ግራ ጆሮህን ትነካለህ። ስለ ጥጡና ስለ ወባው ስታወራ አልነካኸውም። ሰው የለኝም ስትል ነክተኸዋል። በዚህች ምክንያት ነው ያን ማታ እንቅልፍ የወሰደኝ።

ማክሰኞ ማሚት እያለቃቀሰች መጣች። የቴሌቪዥኖቹ ሰዎች እናት እንዳለችው ከሰሙ ዋሽታችኋል ብለው ሦስቱንም ያባርሯቸዋል፣ ትግሉ ትምህርቱን ጥሎ የገባበት ነገር ነው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ዝም አይነቅዝም አለችኝ። እስከ ፍጻሜው ሞተሽ ቆዪልን ማለቷ ነው። ዙሌይካም ደውላ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የልጆቹን ዕድል አትዝጊ፣ ሱብሃነላህ ልጅሽም እኮ ልጅ ነው አለችኝ። ጋሽ ታዴዎስ ደግሞ ስሜን ሰኞ ጠዋት ከዕድሩ መዝገብ ሰርዞት ነበርና፣ እስኪለይለት ተሰርዘሽ ብትቆዪ ምን ይልሻል አለኝ። ሁሉንም አባረርኳቸው። እደውላለሁ፣ አለሁ እላለሁ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ እላለሁ ብዬ በሚካኤል ማልኩ። ቆርጬ ነበር።

ረቡዕ ሳልደውል ተደወለልኝ። የፕሮግራሙ ሠራተኛ ነኝ የምትል ልጅ ናት፣ ትሁት ናት። ቁጥሬን አንተ እንደሰጠሃት ነገረችኝ። በሚመጣው ማክሰኞ ካሜራ ይዘው ካንተ ጋር መልካ ወረር እንደሚሄዱና የእናትህን መቃብር እንደሚቀርጹም ነገረችኝ። መቃብሩን የምታውቅ ጎረቤት አለችን ብሎናል፣ ጎረቤቱ እርስዎ ነዎት ወይ አለችኝ።

ማሚት በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። የማልኩት መሐላ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

አዎ፣ ጎረቤቱ ነኝ አልኳት።

እግዜር ይስጥልኝ እናቴ አለችኝ። ያንተን ቃል ባዳ ተናገረችው።

ስለዚህ ማክሰኞ እዚያ እጠብቅሃለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ግራር አለ፤ ከሥሩ ስሟ የተጻፈበት ቆርቆሮ ታያለህ። ታንጉት ይላል። ስሟንም ነግረውህ እንደሆነ አላውቅም። ቀለሙን አዲስ ሆኖ ብታገኘው አትደነቅ። ስለት አለብኝ እያልኩህ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን መልካ ወረር የምውለው ለዚያ ነበር። የኔና የሷ መስመር ጎን ለጎን ነበር፤ ጥጡን ስትለቅም ታንጎራጉራለች፣ እኛም እሷን እየሰማን ፀሐዩን እንረሳዋለን። ድምፅህን ከየት አመጣኸው ሲሉህ እሷን ጥራ። አልቅስላት፣ ለካሜራው ሳይሆን ለሷ። በትኩሳት ውስጥ ሆና አንተን ስታቀብለኝ ያለችኝን በካሜራ ፊት አልናገርም። ካሜራው ሲሄድ ለብቻህ እነግርሃለሁ። እስከዚያ እንደ ጎረቤት ራቅ ብዬ እቆማለሁ።

ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ብታሸንፉም ብትሸነፉም ፍጻሜው ባለፈ ማግስት አዋሽ ትመጣለህ። ጋሽ ታዴዎስ ፊት፣ ዕድርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመህ፣ እናቴ በሕይወት አለች፣ ስሟን መልሱልኝ ትላለህ። በራስህ አፍ። ጆሮህን ሳትነካ።

ቴምሩን ከመሬት ለቅሜ አጥቤዋለሁ፣ ማሚት ይዛልሃለች፤ ከትግሉና ከሁመድ ጋር ተካፈሉት። ድምፅ መላኩንም አላቆምኩም። የሞተ ሰው ድምፅ አይቆጠርም እንዳይሉኝ እንጂ ትናንትም ልኬያለሁ።

አምላክ ጉሮሮህን ይጠብቅልህ። ከሰው ዓይን፣ ከሐሰተኛ ጭብጨባ ይሰውርህ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ ቁጣዬ ገና አላለቀም፣ ሰምተህ ለመጨረስ ረጅም ዕድሜ ያስፈልግሃል።

እስከ ፍጻሜው ውድድር ድረስ ጎረቤትህ፣
ከዚያ በኋላ እናትህ