ስምሽ የተጻፈበት ገጽ

ቶሮንቶ፣ ቅዳሜ

ለእህት ዓለሜ፣ ጅዳ

እንደምን ሰነበትሽ? ቁርጠቱ ጋብ አለልሽ ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ሌላ የለብኝም። ልጄ ፌበንም ሰላም ትልሻለች።

በስልክ ትቼ የጻፍኩልሽ እመቤትሽ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ብቻ አይደለም። በድምፄ የማልደፍረው ነገር አለ። ፌበን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ አንብቢና አጥፊው። እሷ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ በዚህ ዛሬ ገና ተጽናናሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ እሑድ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው። ወረቀቴ ላይ ዘሃራ ነኝ፤ ብሞትም በዘሃራ ነው የምቀበረው። እናንተ ጋ ቅዳሴ ላይ የክርስትና ስሜ ይጠራል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ይጠራል» አልኩሽ። አልዋሸሁም። የሚጠራው ግን ከሙታን ጋር ነው።

የዛሬ አራት ዓመት፣ «እነሱ ሲሰግዱ አብሬ እቆማለሁ፤ ምን ላድርግ፣ በሻሼ ሥር አማትባለሁ» ስትዪኝ ስልኩን የዘጋሁብሽ ትዝ ይልሻል? በማግስቱ እሑድ ነበር። ከአባታችንና ከእናታችን ስም ቀጥዬ ያንቺን በቅዳሴ ስም በሚጠራበት ደብተር፣ ሙታን ገጽ ላይ አስጻፍኩ። ዲያቆኑ ከየት ያውቃል፣ «ነፍስ ይማር» ብሎኝ መዘገበ። ባለቤቴን ተናኜን እንኳ አላማከርኳትም። እሷ ስታርፍ ለቅሶ ልትደርሺኝ ደወልሽ፣ ታረቅን፤ ገጹን ግን አፍሬ እንዳለ ተውኩት።

ዛሬ በጠዋት ከቤቴ ከኢስት ዮርክ በባስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ዲያቆን ይዲድያን ስምሽን ሰርዝልኝ ስለው፣ ካህን ካላዘዘ አይሆንም አለኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ገባሁ።

«ማን ነገረዎት መሞቷን?» አሉኝ።

«ማንም» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ገደላት?»

ያን ጊዜ ነው፣ ለተናኜም ያልነገርኳት ነገር የወጣው። ካርቱም በስደት ሳለሁ በምሠራበት ዳቦ ቤት ውስጥ ዓሊ ነበርኩ። ማተቤን ፈትቼ ካልሲዬ ውስጥ ደብቄ ሦስት ረመዳን አብሬአቸው ጾሜያለሁ። ደጎች ነበሩ፤ በአንድ ትሪ አፍጥረናል። ቢያውቁም ምናልባት አይጠሉኝም ነበር፤ የፈራሁት እኔ ነኝ። አንቺ የሆንሽውን ሁሉ ከአንቺ በፊት ሆኜ ነበር። እኔን ግን ከሙታን የጻፈኝ የለም።

አባ አዳመጡኝና ይሰረዝ አሉ። ይዲድያ ደብተሩን ሲያገላብጥ ሳቀ። «ጋሽ ጥሩነህ፣ ዳብል ሆናለች እኮ! ሕያዋን ገጽ ላይም አለች። ስንት እህት ነው ያለዎት?» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የተናኜ እጅ ጽሕፈት ነው። ገጹ አናት ላይ እንዳለው ቀን፣ እኔ ያስጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው የጻፈችው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ቅዳሴ፣ እኔ ስገድልሽ እሷ ስታኖርሽ ከርመናል፤ እስክታርፍ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ከአንቺ ስም ዝቅ ብሎ የእኔ የክርስትና ስም አለ። ካንቺ ጎን ምንም አልጻፈችም። ከእኔ ጎን ግን፣ በደቃቃው፣ «ልቡ እንዲመለስ» ብላለች።

ይዲድያ ወንበር አመጣልኝ።

ነገ ሐኪሞቹ ስምሽን ሲጠይቁሽ ዘሃራ በዪ፤ እንዳትፈሪ። ያኛው እዚህ ተናኜ በጻፈችው ገጽ ላይ ይጠራል። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

የሐኪሙን እጅ ይባርክልሽ፤ እመብርሃን ከራስጌሽ አትለይ። ሐኪም ቤት ያስገባችሽን እመቤትሽንም እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ። ይቅር ካልሽኝ ስትነቂ ደውዪልኝ። ይቅር ባትዪኝም ደውዪልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ