የእማዬ የልጅ ልጆች ስድስት ናቸው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያሌው፣

ጤናህ እንዴት ነው? ስኳርህስ ረጋ? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት ቻለ? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ናፍቀኸኝ አይደለም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ነው። ጋሼ ብዬ መጻፍ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ስልኬን ስለማታነሳ፣ ጎረቤቴ ወንድሜነህ በመጪው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይህን በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

እማዬ የተቀበረች ዕለት መምጣት አልቻልኩም፤ ልጄን ለማን ትቼ? እዚሁ ከሜሪላንድ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው በአጎታችን ልጅ በንጋቱ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ሳሎኑ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ ከአዲስ አበባ የተላከውን የቀብር ቪዲዮ በቴሌቪዥን ከፈቱልን። አንተ የሕይወት ታሪኳን ስታነብ ልጄ ሳሌም አጠገቤ ነበረች፤ ጫጫታ ስለማትችል ጆሮዋን የሚሸፍነውን አድርጋለች። አምስት የልጅ ልጆች ለማየት በቅተዋል አልክና አምስቱንም በስም ጠራህ። የእኔ ልጅ የለችበትም። ንጋቱ አየኝና አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ለቅሶውን ትተው እኔን ያዩ ጀመር። እናቴን እንኳ በወጉ እንዳላለቅስ አደረግኸኝ።

ስደውልልህ ደግሞ ልጅቷ አይሁድ ሆናለች፣ ማተቧን በጥሳለች፣ ካህናት ፊት ስሟን አልጠራም አልከኝ። ማስረጃህ እኔው ደስ ብሎኝ ለእማዬ የላክሁት ቪዲዮ ነው፤ ሳሌም ምኩራብ ውስጥ ሻማ በበራበት ጠረጴዛ ዙሪያ ዳቦ ስታድል፣ አንገቷ ባዶ ሆኖ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት ናት ብለህ ያልጠየቅሃትን ልጅ አንገቷን ለመመርመር ጊዜ አገኘህ።

እንግዲህ ስማ። ሳሌም ኦቲዝም አለባት። ክር አንገቷን ሲነካት ቆዳዋ እስኪደማ ትቧጭራለች። ስለዚህ ማተቧን ቦርሳዋ ላይ አስሬላታለሁ፤ ቦርሳዋን ደግሞ ከእጇ አትለይም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ያሰሩላት ያው ክር ነው። ባለፈው ተበጥሶ ሲወድቅ አንስታ በእጇ መልሳ የሰፋችው ወይዘሮ ሪቫ ናት፤ አይሁዳዊቷ!

ሪቫ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናት። ልጇ እንደ ሳሌም ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ከገዛ ምኩራባቸው ትምህርት ይረብሻል ተብሎ ተባረረ። ዛሬ እሱ ሃምሳ አልፎታል፣ የእሷ ንዴት ግን አልበረደም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ምኩራብ ምድር ቤት፣ አንድም ልጅ የማይባረርበት ክፍል በራሷ ገንዘብ ከፈተች፤ መምህራኑንም፣ ሻማ የሚበራበትን የዓርብ ማታ የሰንበት ማዕዱንም የምትችለው እሷ ናት። ሃይማኖቴን አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ልጅሽን የሚያስፈራት ምንድን ነው ብላ ነው። ጩኸት አልኳት። በቀጣዩ ዓርብ ያ ሁሉ ሰው ለሳሌም ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘመረ። አንተስ ለእሷ ስትል ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታውቃለህ?

እኔንም ከጥፋት ነጻ አላደርግም። ሳሌም አራት ዓመቷ ሳለ ሰው ፊት አታውጪያት ብለህ ስትመክረኝ ሰማሁህ። ውድብሪጅ ክርስትና ተጠርተን ሄደን መኪና ውስጥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ትቻት ገብቼ በላሁ። የበላሁት ዛሬም ያንቀኛል። ያን ጊዜ የሰማሁህን ያህል ከእንግዲህ አልሰማህም።

የእማዬ ዐርባ ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። በዚያው ሰው ፊት ቆመህ፣ እናታችን የስድስት ልጆች አያት ነበረች ብለህ ስድስተኛዋን በስሟ ጥራ። ካልጠራህ እኔንም ከልጆቿ ቁጥር አውጣኝ፤ ስሂን የምትባል እህት አለችኝ አትበል። የምልህ ከልቤ ነው።

ባለቤትህን መሰረትን ሰላም በልልኝ፤ እማዬን ስላስታመመቻት ውለታዋ አለብኝ። ለዓብዩ፣ ለቲና፣ ለትንሹ ለበፈቃዱ፣ እንዲሁም ለእህታችን ልጆች ለአበጀና ለሉባባ አክስታችሁ ትስማችኋለች በላቸው። አምስቱንም በስማቸው ጠርቻለሁ፤ በአንተ ጥፋት አንድም ልጅ አልዘለልኩም።

ሪቫ ከቀጠረቻቸው መምህራን አንዷ በቤታችሁ የምትጽፉት በምን ፊደል ነው ብላ ጠይቃኝ ሦስት ፊደላት በካርቶን ቆርጣ ለሳሌም ሰጥታት ነበር። አምስት ወር በጣቷ ስትከተላቸው ከረመች። ከታች በአረንጓዴ እርሳስ ያለው የእሷ እጅ ነው። ስሟ ከጠፋህ ከዚያ ላይ አንብብ።

እህትህ ስሂን
አስፐን ሂል፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳ ሌ ም