ፈረሴ አህያ መሆኑ ይታወቅልኝ

ለተከበሩ የንግድ ምልክት እድሳት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ መርጋ ፈየራ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ከባለቤቴ ከየሻረግ ጋር ዳቦ ቆሎ እየሠራሁ፣ «ጉግስ» በሚል ስም አሽጌ ለባምቢስና ለካዛንቺስ ሱቆች የማከፋፍል ሰው ነኝ። እንጀራችን ይኸው ብቻ በመሆኑ፣ የምልክቴ የምዝገባ ዘመን ሊያበቃ ሲል ወደ ክፍልዎ መጥቼ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፦ በፓኬቴ ላይ ያለውን በመጋለብ ላይ የሚገኝ ፈረስ የሳልኩት ራሴ ነኝ። ሠዓሊ ያልቀጠርኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሥዕል መምህሬ አመስግነውኝ ስለነበር ነው፤ አሁን ሳስበው ያመሰገኑት ዝምተኛነቴን ሳይሆን አይቀርም። ጋማው የለም፣ ጆሮው ረዝሟል፣ እግሩም ከመጋለብ ይልቅ ጭነት የከበደው ይመስላል። ምርቴ ገበያ እንደወጣ ባለሱቁ ሁሉ «አህያው ዳቦ ቆሎ አልቋል» እያለ ይደውልልኝ ጀመር። እኔም ፈረስ ነው እያልኩ ስከራከርና ስኳረፍ፣ ላንቻ ሱቅ ካላቸው ከወይዘሮ ሪሐና ጋርማ ሰላምታ እስከ ማቋረጥ ደርሼ፣ ዓመታት አለፉ። ዳቦ ቆሎው ግን በአህያነቱ ተሸጠ፤ ቤቴም የቆመው በዚሁ ነው።

ሁለተኛ፦ ዘንድሮ አቶ ጋዲሳ የተባሉ ነጋዴ «አህያው ዳቦ ቆሎ» የሚል ፓኬት መሸጥ ጀመሩ፤ ስሙም ጎበዝ ባለሙያ ከሳለው እውነተኛ አህያ ጋር እንዲመዘገብላቸው ለክፍልዎ አመለከቱ። ተቃውሞዬን ይዤ ብሮጥ፣ ክፍልዎ መዝገቤን አገላብጦ፣ የእኔ ምልክት በገዛ እጄ ጽሑፍ ፈረስ፣ የእርሳቸው ደግሞ አህያ መሆኑን፣ ሁለቱም የተለያዩ እንስሳት ስለሆኑ ሸማችን እንደማያምታቱ በጽሑፍ አስረዳኝ። ስለ እንስሳት ይህን ያህል ጠልቆ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በማግኘታችን ዕድለኞች ነን። ፈረሴ በእርግጥ ታድሶልኛል። ችግሩ ፈረስ ብሎ የሚገዛኝ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ይኸው ክፍል ተራዬ ሲደርስ በኮሪደሩ «የአህያው ባለቤት!» ብሎ ነው የሚጠራኝ። አንድም ቀን ሌላ ሰው ተነሥቶ አያውቅም፤ እኔው «አቤት» ብዬ እገባለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለዓመታት የተሟገትኩለትን ክብሬን ትቼ፣ በሙሉ ፈቃዴና በጤናማ አእምሮዬ፣ ፈረሴ አህያ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ምስክር ካስፈለገ ወይዘሮ ሪሐናን ይቅርታ ጠይቄ አመጣለሁ። የሻረግም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሬው ነበር ብላ ለመመስከር ዝግጁ ነች፤ እንዲያውም ዝም ማሰኘቱ ነው ያቃተኝ። የምለምነው የአቶ ጋዲሳ ማመልከቻ ከመጽደቁ በፊት ጉዳዩ ዳግም እንዲታይልኝ ነው። ስሙን ያወጣልኝ ሰፈሩ ነው፤ ስሙ የተጣበቀው ግን እኔና የሻረግ እጃችን እስኪላጥ በለፋንበት ነገር ላይ ነው። ሌላ ሰው ሲወስደው ማየት ያመኛል።

ለሁለቱም እንስሳት እኩል አክብሮት ያለኝ፣ የእርስዎም ትሑት አገልጋይ፣

መርጋ ፈየራ
የጉግስ ዳቦ ቆሎ መሥራችና፣ ያሳዝናል፣ ሠዓሊ
በኮሪደርዎ አጠራር የአህያው ባለቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ፣ ሸማች አይምታታም የሚለውን መልስ የፈረሙትን ባለሙያ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠሙ አገኘኋቸው። የዘወትር ደንበኛዬ መሆናቸውን በትሕትና ነግረውኝ፣ ሰሞኑን ግን ጨው እንዳበዛሁ በወዳጅነት ገሠጹኝ። ፓኬቱን አገላብጬ አየሁት፤ የአቶ ጋዲሳ ነበር።