ከእናታችን አጥር የመጣው አጋም

ይድረስ ለወንድሜ ለአሳምነው። ጥፋቱ ያንተ ስለሆነ ለውድ ወንድሜ አላልሁህም።

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ዓባይነሽስ፣ ልጅህ ኢዮስያስስ ደኅና ናቸው? ቆቦ ዘንድሮ ዝናብ ጣለ ወይስ እንደ አምናው ደመናው አይቷችሁ አለፈ? እኔ ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ከመክዳቱ በቀር አለሁ፤ ይህም ጤና ከተባለ ጤና ነኝ።

አጋሙ ሞተ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ እሺ እሺ ብለህ ትዘጋለህ። ይህን ግን እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

በመስከረም የእናታችንን አጥር በብሎኬት ላሠራ ነው ብለህ አጋሙን በሙሉ ከነሥሩ ስታስነቅል፣ አንዲት ቡቃያ እንድታተርፍልኝ ለመንሁህ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለሰፈራ ወደ ወለጋ ስንጫን ከላዬ ልብስ በቀር የያዝሁት አልነበረም። ለእናታችንም ቀብር አልደረስሁም። ከዚያ ግቢ የሚቀረኝ ያ አጋም ብቻ ነበር። አንተም ቡቃያዋን በጣሳ አድርገህ ከነደብዳቤው በመንገደኛ ላክህልኝ። መምህርት ሰናይት በቀበሌው ፊደል ካስቆጠረችኝ ወዲህ፣ ሰው ሳያነብልኝ የጨረስሁት የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው። ጠዋትና ማታ ውሃ እንዳታጓድዪበት ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቴም ያንኑ ይላል።

እዚህ ግቢዬ በበጋ ጎመን እንኳ አያበቅልም። አፈሩ ከላይ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ግን ውሃ ይቋጥራል። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ ደግ ነው። ለራሴ ከምጠጣው እየቀነስሁ፣ በጀሪካን እየተሸከምሁ አጠጣሁት። በጥር አበበ። አምስት ነጭ አበባ ብቻ ነው፤ ሽታው ግን እናታችን አጥሩ ላይ ታሰጣው የነበረው ልብስ ሽታ ነው። ቆሜ አለቀስሁ። በመጋቢት ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ጠምቶት ነው ብዬ ውሃውን እጥፍ አደረግሁት።

ጎረቤቴ ኩማ በኦሮምኛው እኔን እናቴ ሲል አዴ፣ አጋሙን ደግሞ ሀገምሳ ነው የሚለው። አይቶ፣ አዴ፣ ይህ እኮ ሀገምሳ ነው፣ እዚህ ሲሬ ጫካ የሞላውን ማን ያጠጣዋል፣ ዓሣ ሊያረቡበት ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ወንድሜ በጽሑፍ ያዘዘኝን አንተ በአፍህ አታፈርሰውም አልሁት። እጄ ግን ያውቅ ነበር፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ልጆች ሆነን እጣቢ ልንደፋበት ስንሄድ እናታችን፣ ተዉት፣ እሱ ጥሙን ይወዳል እያለች በአርጩሜ ስታባርረን አንተም ነበርህ። እሷ ፊደል አልቆጠረችምና የእሷን ትቼ ያንተን ወረቀት አመንሁ። አንተ አጋም ተክለህ አታውቅ፣ ምን ብለህ ጻፍህ?

ባለፈው ቅዳሜ ኩማ ቆፍሮ አወጣልኝ። ሥሩ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነኩት ይላጣል፣ ይገማል። እሱም ሳቁን ትቶ፣ አይዞዎት አዴ፣ ከሲሬ የፈለጉትን ያህል አመጣልዎታለሁ አለኝ። የሲሬው የሲሬ ነው፤ እናታችን የተከለችው አይደለም። ከአጥሩ ሥር የተረፈ ካለ ፈልግልኝ እንዳልልህ ሲሚንቶ አፍስሰህበታል። አሁን ምን ላድርግ? ጉድጓዱን እንኳ መድፈን አቅቶኝ እያየሁት እውላለሁ።

ዓባይነሽን ሳምልኝ፤ በእሷ ቂም የለኝም። ኢዮስያስ ትምህርቱን ጠበቅ ያድርግ በለው። አቶ ጫንያለው በሕይወት ካሉ፣ የጎረቤትዎ ልጅ እጅ ነሥታለች በልልኝ። አንተንም እግዜር ይጠብቅህ፤ ወንድሜ ነህ፣ ምን አደርግሃለሁ።

እዚህ ሰው አገርሽ የት ነው ሲለኝ አርባ ዓመት ሙሉ ቆቦ እል ነበር። ከእንግዲህ አልልም።

እኅትህ ደብሪቱ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.